ሰኔ ሚካኤልን ሃልሽታት ላይ

የሃልሽታትን ፎቶ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ሐይቅ አለ፣ ሐይቁ ዳር ሹል ማማ ያለው ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከኋላው ደግሞ ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ። ኦስትሪያ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ብዙ አስጎብኚዎች ጠዋት ከሙኒክ ወይም ከሳልዝቡርግ ወስደው፣ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆይተው ማታ ይመልሳሉ። እኛ ከፍራንክፈርት የሄድነው ለማደር ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለውም ይህንኑ ነው፤ ሃልሽታት የምትታየው ሲያድሩባት ነው።

የሄድነው የሰንበቴ ማኅበራችን አባላት ነን፣ አንድ ሙሉ አውቶቡስ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፣ ሰባን ያለፉ እናቶችና አባቶችም አሉ። ለአንድ ሰው 420 ዩሮ ከፈልን። አውቶቡሱና ማደሪያው ከነቁርሱ በዚህ ውስጥ ነው፤ ምሳ፣ እራትና መግቢያ በየራስ።

ቀኑ የተመረጠው ለእረፍት እንዲመች ነበር። ፍሮንላይሽናም፣ ማለትም ካቶሊኮች የክርስቶስን ቅዱስ ሥጋና ደም የሚያከብሩበት በዓል፣ ሐሙስ ይውላል። እኛ ባለንበት በሄሰን ክፍለ ሀገር ሥራ ዝግ ነው፤ አርብን ፈቃድ የወሰደ ሰው እስከ እሁድ ያርፋል። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው አንዷ እናት ያ ሐሙስ ሰኔ 12 መሆኑን ያዩት። ሰኔ ሚካኤል! የማኅበሩ ዋትስአፕ ተናወጠ። «በሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቀርተን ሽርሽር?» ተባለ። በዚያ ላይ የሰኔ ጾም ገብቷል። በመጨረሻ አብረውን የሚጓዙት ቄስ «ጸሎቱን እዚያው እናደርሳለን፣ ዝክሩንም ይዘን እንሄዳለን» ሲሉ ነገሩ በረደ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11 (ጁን 18፣ 2025)፦ ከፍራንክፈርት ኦበርትራውን

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሳን። እስከ ኑረንበርግ መንገዱ ጥሩ ነበር። ከሙኒክ ወደ ሳልዝቡርግ በሚወስደው ኤ8 አውራ ጎዳና ላይ ግን ጀርመን ሁሉ ለበዓሉ የወጣ ይመስል መኪናው ተደራርቦ ጠበቀን። ቺምዜ የሚባለው ሐይቅ እስኪደርስ ድረስ እየቆምን እየተነሳን ነበር።

እዚህ ላይ በቡድን ለመሄድ የምታስቡ ልብ በሉ። ሃልሽታት ውስጥ የቡድን አውቶቡስ እንዲሁ ዘው ብሎ አይገባም። ከ2020 ጀምሮ የመግቢያ ሰዓት አስቀድሞ በኢንተርኔት ይያዛል፤ ሰዓቱ ያለፈበት አውቶቡስ ይመለሳል። የእኛ ቀጠሮ 9 ሰዓት ላይ ነበር። መንገዱ ተዘጋጋና ዘገየን። በዚያ ላይ ሹፌሩ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ የማረፍ ግዴታ አለበት፤ የአውሮፓ ሕብረት ሕግ ነው፤ መኪናው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያም ሁሉን ይመዘግባል። አንዳንዱ ሰው «ትንሽ ቢገፋበት ምናለ» ብሎ ሲያጉረመርም ነበር። ሹፌሩ እምቢ አለ፤ ልክ ነው። አርባ ምናምን ነፍስ ጭኖ ነው።

ሃልሽታት ስንደርስ 11 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በረኛው ሰዓቱን አይቶ በትህትና መለሰን። አውቶቡሱ ዋሻ ለዋሻ አልፎ ወደ ኦበርትራውን ቀጠለ፣ መንደሯንም በመስኮት እንኳ በወጉ ሳናያት ቀረን። ዋሻው የተሠራው መኪና መንደሯን እንዳያጨናንቃት ነውና ከውስጡ ምንም አይታይም። አንዳንዶቹ ፊታቸው ጠቆረ።

ኦበርትራውን ከሐይቁ ጫፍ ያለች፣ ከሃልሽታት 5 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ጸጥ ያለች መንደር ናት። ማደሪያችን የእንጨት ቤት ነው፣ በየሰገነቱ ቀይ አበባ የተንጠለጠለበት። ባለቤቷ ስድሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ነች፣ ልጇ ያግዛታል። የጾሙን ነገር አስተባባሪያችን ቀድሞ ደውሎ ነግሯት ነበር። ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ሥጋ የለ። «ፌጋን» ስትላት ወዲያው ይገባታል፣ ለዚህ እንኳ ዘመኑ ይመስገን።

እራት ያቀረበችልን አደንጓሬ ነው። ትልልቅ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው አደንጓሬ ተቀቅሎ፣ በቀጭን ከተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ከኮምጣጤ ጋር፣ ላዩ ላይ የዱባ ፍሬ ዘይት ፈሶበት። ዘይቱ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ሲቀምሱት የተቆላ ለውዝ ለውዝ ይላል። ኦስትሪያዎች ከደቡብ፣ ከሽታየርማርክ የመጣ ምግብ ነው ይላሉ። 8 ዩሮ ነበር፣ ከድንችና ከዳቦ ጋር ደህና አድርጎ ያጠግባል። እናቶቹ በእንጀራ በሉት፣ ዘይቱንም ለቤታቸው ገዝተው ተመለሱ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 (ጁን 19)፦ ሁለት በዓል በአንድ ቀን

ገና ሳይነጋ ቄሱ የምግብ ቤቱን አንድ ጥግ ተፈቅዶላቸው መልክአ ሚካኤል ደገሙ። የቅድስት አፎምያን ታሪክም አነበቡልን። ከዚያ ነጠላችንን እንደለበስን ወጣን።

በዓል ስለሆነ ለአውቶቡስ ሌላ ሰዓት አልተገኘም። ባለቤቷ ግን «አውቶቡስ ምን ያደርግላችኋል፣ በባቡር ሂዱ» አለችን። ከኦበርትራውን ባቡር ተሳፍረን ጥቂት ደቂቃ እንደሄድን ሃልሽታት ጣቢያ ወረድን። ጣቢያው ከመንደሯ ማዶ ነው፣ መሐል ላይ ሐይቁ አለ። ባቡሩን ጠብቃ የምትሻገር ትንሽ ጀልባ አለች። ዋጋዋ 4 ዩሮ ገደማ ነበር።

ባለፈው ቀን አውቶቡሱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ይቀርብን ነበር። ውኃው ገና ነፋስ አልነካውም። ተራራው ከነቤቶቹ ውኃው ላይ ተገልብጦ ይታያል። ቤቶቹ ተራራውን ተደግፈው አንዱ ከአንዱ ትከሻ በላይ ነው የተሠሩት፣ ምክንያቱም ሜዳ የሚባል ነገር የለም። መንገድ እንኳ የገባላት በ1890 ነው፣ ያውም ዐለት ተፈልጦ። ከዚያ በፊት ሰውም ሬሳም ሙሽራም በጀልባ ነበር የሚሻገረው፣ አለዚያ በቀጭን የተራራ መንገድ። እናቶቹ ጀልባዋ ላይ እልል አሉ። የጀልባው ሰው ኮፍያውን አነሳላቸው።

ስንደርስ ሰዉ ወደ በዓሉ እየሄደ ነው። ሃልሽታት ውስጥ ፍሮንላይሽናም የሚከበረው ሐይቅ ላይ ነው፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ። የሚያስቀድሱት ላይኛው፣ ተራራው ወገብ ላይ ባለው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ በሰልፍ ወደ ታች ይወርዳሉ። መጀመሪያ መስቀልና ባንዲራ ያዦቹ መጡ። የጨው ማዕድን ሠራተኞች ጥቁር የክብር ልብሳቸውን ለብሰዋል። ሴቶቹ በወርቅ ክር የተሠራ ቆብ አድርገዋል። ሕፃናት አበባ ይበትናሉ። ካህኑ ቅዱስ ሥጋውን የያዘውን የወርቅ ዕቃ ይዘው በአራት እንጨት በተወጠረ ድባብ ሥር ይሄዳሉ።

ድባቡን ሲያዩ አንዷ እናት እጄን ጨበጡኝ። «ልክ እንደ ጥምቀት» አሉ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ብለው ማልቀስ ጀመሩ። እኚህ እናት የባቱ ሰው ናቸው። ባቱ ጥምቀት በደምበል ሐይቅ ላይ በጀልባ ነው የሚከበረው፣ ታቦት በጀልባ ይሄዳል። ከሁላችንም የሚያዩት የገባቸው እሳቸው ነበሩ።

ካህኑ ከነድባባቸው በቅጠልና በአበባ ያጌጠ ትልቅ ጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ወጡ። መዘምራኑ፣ ነፋሽ ሙዚቀኞቹና ምእመናኑ በሌሎች ጀልባዎች ተከተሉ። ሐይቁ መሐል ቆመው ወንጌል ይነበባል፣ ቡራኬ ይሰጣል። ከባሕሩ ዳር መድፍ መሰል ነገር ሲተኮስ ድምፁ ከተራራ ተራራ እየተላተመ ቆይቶ ይመለሳል። ቄሳችን ሥርዓቱ የሌላ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን አልረሱም፣ ግን ቆባቸውን አስተካክለው እስኪያልቅ ቆመው ተከታተሉ። ከቆምንበት አጠገብ የነበሩ የመንደሩ ሽማግሌዎች ነጠላችንን አይተው ቦታ ለቀቁልን። እንደ ቱሪስት አላዩንም። የለበስነው ልብስ በዓል ለማክበር እንደመጣን ነገራቸው።

ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የቀን ጎብኚው መግባት ጀመረ። እግር መጣያ ጠፋ። ሃልሽታት ውስጥ የሚኖረው 750 ሰው ገደማ ነው፤ ሰው በሚበዛባቸው ቀኖች ግን እስከ 10,000 ጎብኚ ይገባባታል። በየግድግዳው «ሰው ይኖርበታል፣ ጸጥታ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። በ2023 ነዋሪዎቹ ፎቶ የሚነሱባት ዋናዋ ቦታ ላይ በእንጨት አጥር ዕይታውን ከለሉ፣ ጩኸት ሲበዛ ተነሳ። በዚያው ዓመት ነሐሴ አካባቢ ደግሞ ዋሻው አፍ ላይ ወጥተው መንገዱን ለጥቂት ጊዜ ዘጉ። ያን ዜና በጊዜው ሳነብ «ቱሪስት ጠላ የሚባል አገር አለ እንዴ» ብዬ ነበር። እዚያ ቆሜ ሰዎች የማያውቁትን ቤት መስኮት ተደግፈው ፎቶ ሲነሱ፣ ውስጥ ደግሞ ባልቴቷ ቁጭ ብለው ሳይ አዘንኩላቸው። ቻይናዎች ጓንግዶንግ ውስጥ የመንደሯን አምሳያ ሠርተው በ2012 ከፍተዋል፣ እውነተኛይቱን ለማየት የሚመጣው ሰው ግን ይበልጥ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

የመንደሯ ዋጋ ኪስ ይጎዳል። ቡና 4 ዩሮ ተኩል፣ ሽንት ቤት 1 ዩሮ። ከሐይቁ የሚወጣ ራይናንከ የሚባል ዓሣ አለ፣ አንድ ሰሃን 25 ዩሮ ነበር። እዚህ ላይ የታወቀው ክርክር ተነሳ፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም። ወጣቶቹ በሉ፣ ትልልቆቹ አልነኩም፣ ቄሱ ዝም አሉ። ውኃ ግን አትግዙ። አደባባዩ ላይ ካለው ምንጭ ቅዱ፣ ከተራራ የሚወርድ ጥሩ ውኃ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከግርግሩ ለመሸሽ ደረጃውን ይዘን ወደ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን ወጣን። እናቶቹ እያረፉ ነው የወጡት። ቅጥር ግቢው መቃብር ነው፣ ግን እንደ አትክልት ቦታ የተያዘ። እያንዳንዱ መቃብር የእንጨት መስቀልና ትኩስ አበባ አለው፣ ፊቱ ወደ ሐይቁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ጸሎት ቤት አለች። መግቢያዋ 2 ዩሮ ነው። ተማሪዋ ልጃችን በር ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበችና ዞር ብላ ቄሱን አየቻቸው። «አባ፣ የሚካኤል ቤት ነው» አለች።

የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት! በሰኔ ሚካኤል! ማንም አስቀድሞ አላወቀም፣ የጉዞው ወረቀት ላይም የለም። እናቶቹ መሬት ወድቀው ተሳለሙ። ለምን ሄድን እያሉ ሲብሰለሰሉ የሰነበቱት ሁሉ ፊታቸው በራ።

ውስጡ ደግሞ ሌላ ነው። የአጽም ቤት ነው። መቃብሩ ጠባብ ስለሆነ ከ10 ከ15 ዓመት በኋላ አጽሙ እየወጣ ለሌላ ሰው ቦታ ይለቀቅ ነበር። ጭንቅላቱ ታጥቦ በፀሐይ ይነጣል፣ ከዚያ ግንባሩ ላይ የሟቹ ስም በጥንታዊ ፊደል ይጻፋል፣ ዙሪያውን ቅጠልና አበባ ይሳልበታል። ከ1,200 በላይ የራስ ቅል አለ፣ ከእነዚህ 610ሩ የተሳሉ ናቸው። ሥዕሉ የተጀመረው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ቤተሰብ ከቤተሰቡ ጋር ጎን ለጎን ነው የተቀመጠው፣ እናት ከልጇ፣ ባል ከሚስቱ። መጨረሻ የገባችው በ1983 ያረፈች ሴት ናት፣ ራሷ ተናዛ በ1995 አስገቧት። የወርቅ ጥርሷ ይታያል።

ሁለት ሦስት ሰዎች ፈርተው ውጭ ቀሩ። ቄሱ ግን ገብተው ቆሙና «እነዚህ ክርስቲያኖች ናቸው፣ ስማቸውም ተጽፏል» አሉ። ተማሪዋን አንብቢ አሏት። ማሪያ፣ ዮሐን፣ አና፣ ማቲያስ እያለች አነበበች። እናቶቹ በእያንዳንዱ ስም «ነፍስ ይማር» አሉ። ጠባብ ቤት ስለሆነ ከኋላችን የሚጠብቁ ሌሎች ጎብኚዎች ነበሩ፤ ያዙት የነበረውን ስልክ ዝቅ አድርገው ቆሙ።

ዝክሩን የቆረስነው ከዚያ ወርደን ሐይቁ ዳር ባለ አግዳሚ ላይ ነው። ድፎ ዳቦ ነው፣ ፍራንክፈርት ውስጥ ከእስያ ሱቅ በተገዛ የሙዝ ቅጠል የተጋገረ። ሁለት ቀን አውቶቡስ ውስጥ ከርሞም ሽታው አልጠፋም። ለጀልባው ሰው፣ ለጽዳት ሠራተኛውና አጠገባችን ለተቀመጡ ባልና ሚስት ሁሉ ደረሳቸው።

አርብ፣ ሰኔ 13 (ጁን 20)፦ የጨው ተራራ

ሃልሽታት የኖረችው በጨው ነው። ከተራራው ጨው ማውጣት የተጀመረው ከ7,000 ዓመት በፊት ነው ይላሉ። በገመድ የሚሳብ ባቡር ሽቅብ ይወስዳል፣ ከማዕድኑ ጉብኝት ጋር አንድ ላይ 40 ዩሮ ገደማ ነበር። ውድ ነው፣ ግን ያወጣል። ላይ ስትወጡ ከመንደሯ 360 ሜትር ከፍ ብሎ ወደ አየር የወጣ መመልከቻ አለ።

ከማዕድኑ በፊት ያለው ሸለቆ የጥንት መቃብር ነው። ራምዛወር የሚባል የማዕድኑ ኃላፊ ከ1846 እስከ 1863 ወደ 980 መቃብሮች ቆፍሮ በሥርዓት መዘገበ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 450 ገደማ ያለው የአውሮፓ የብረት ዘመን በዚህ ምክንያት በመንደሯ ስም ይጠራል።

ማዕድኑ ውስጥ ብርዱ 8 ዲግሪ ነው፣ ከላይ የሚደረብ ልብስ ይሰጣሉ። ጃኬታችሁን ግን አትተዉ፣ የጾመ ሰው ብርድ አይችልም። መውረጃው የማዕድን ሠራተኞቹ ድሮ የሚጠቀሙበት የእንጨት ሸርተቴ ነው። ረጅሙ 64 ሜትር ነው። የማይፈልግ በደረጃ ይወርዳል። ሰባ አንድ ዓመታቸው የሆነ አባት ግን ተቀምጠው ሄዱ፣ እኛ ነን የጮህነው። ጨው ያቆየው የእንጨት ደረጃ ዓይኔ ላይ ቀርቷል። ዛፉ የተቆረጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1344 ነው፣ በቀለበቶቹ ቆጥረው ነው ያወቁት። 3,300 ዓመት አልፎት የትናንት አናጢ የሠራው ይመስላል። በ1734 ደግሞ ጨው ውስጥ ሳይበሰብስ የቆየ የጥንት ሰው ሬሳ ተገኝቶ ነበር፣ አውጥተው ቀበሩት።

ማዕድኑ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ያስተማረን መቀሌ ያደጉት ጋሼ ናቸው። አስጎብኚዋ ስለ ጨው ንግድ ስታወራ እጃቸውን አወጡ፣ ተማሪዋ አስተረጎመችላቸው። በልጅነታቸው ግመሎቹ አሞሌ ጭነው ከአፋር በበርሃሌ በኩል ሲገቡ እየሮጡ ይቀበሉ እንደነበር፣ ያ ጨው በአያቶቻቸው ዘመን ገንዘብ እንደነበር ነገሯት። «እኛ ጋ ጨው መሬት ላይ ተዘርግቶ ነው፤ በዘንግ ይፈነቀላል፣ በመጥረቢያ ይስተካከላል፣ ፀሐይ ሥራውን ትጨርሳለች» አሉ። ግድግዳውን በጣታቸው ነክተው ቀመሱት። ያፋሩ ነጭ ነው፣ ይሄ ከሸክላ ጋር የተደባለቀ ቀይ።

አስጎብኚዋ ጉብኝቱን ረስታ መጠየቅ ጀመረች። ከዚያ የእነሱን ነገረችን። እዚህ ጨው በውኃ ይሟሟል፣ ውኃው በቧንቧ ይሄዳል፣ ሩቅ ላይ ይፈላል። ድሮ ለማፍላት እንጨት ያስፈልግ ስለነበር በመንደሯ ዙሪያ ያለው ደን አለቀ። ስለዚህ ከ1595 እስከ 1607 ባለው ጊዜ 13,000 ግንድ ውስጡ ተቦርቡሮ፣ 40 ኪሎ ሜትር ቧንቧ እስከ ኤበንዜ ተዘረጋ። እንጨቱን ወደ ጨው ከማምጣት ጨዉን ወደ እንጨቱ ወሰዱት። ዛሬም ጨዋማው ውኃ የሚሄደው ወደዚያው ኤበንዜ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ብዙ አሰቡ። ያፋር ልጅ በ40 ዲግሪ ሙቀት ዛሬም በእጁ እንደሚፈልጥ እያሰቡ ነበር፣ ነገሩኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14 (ጁን 21)፦ ክሪፐንሽታይንና ቡና

ከኦበርትራውን ኬብል ካር ወደ ክሪፐንሽታይን ተራራ ይወጣል፣ እሱም 40 ዩሮ አካባቢ ነበር። ከፍታው 2,100 ሜትር ያህል ነው። አንዳንዶቹ እናቶች ለልባቸው ፈርተው ነበር። ነርስ የሆነችው አባላችን «አዲስ አበባ ከዚህ ትበልጣለች እኮ» ስትል ተነሱ። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ልዩነቱ እዚህ በሰኔ አጋማሽም በየስርጓጉጡ በረዶ አለ። ከጣቢያው ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ሲሄዱ አምስት ጣት የሚባል መመልከቻ ይገኛል። አምስት የብረት መረማመጃ በገደሉ ላይ ወደ ፊት ወጥቷል፣ ከሥሩ 400 ሜትር ባዶ ነው። የአንዱ ወለል መስታወት ነው። እኔ እዚያኛው ላይ አልቆየሁም። ሐይቁ ከነሃልሽታት ከታች ይታያል።

ከሰዓት ቡና አፈላን። ክፍል ውስጥ እጣን ማጨስ አይቻልም፣ የጭስ ጠቋሚው ይጮኻል። ባለቤቷ ራሷ በረንዳውን አዘጋጀችልን፣ ለኤሌክትሪክ ምድጃውም ገመድ ዘረጋችልን። ቡናው ሲቆላ ጎረቤቶች ብቅ ብቅ አሉ። እሷ እስከ ሦስተኛው ስኒ ድረስ ጠጣች። አያቷ ማዕድን ውስጥ ይሠሩ እንደነበር ነገረችን። ሰኞ ጠዋት ተራራ ወጥተው፣ እዚያው እያደሩ፣ ለሳምንቱ መጨረሻ ነበር የሚወርዱት። ልጆቿ ግን ሥራ ፍለጋ ሊንዝ ገብተዋል፣ አንዱ ብቻ ቀርቷል። ሃልሽታት ቤት ለመግዛት ለወጣት የማይታሰብ ሆኗል አለች።

እሁድ፣ ሰኔ 15 (ጁን 22)፦ መልስ

ባድ ኢሽል ደርሰን ነዳጅ ለመቅዳት ቆመን ነበር። ከተማዋ የንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮዜፍ የበጋ መኖሪያ የነበረች ናት። በ1914 ሰርቢያ ላይ የጦርነት አዋጁን የፈረመው እዚያ ነው። ይህን ለማየት ዕቅድ ነበረን፣ ግን አንዱ ወንድማችን ኪሱን ሲዳብስ ፓስፖርቱና የመኖሪያ ፈቃዱ ያሉበት ቦርሳ የለም። ትራስ ሥር ረስቶታል። ጀርመን ያኔ በየድንበሩ ትፈትሽ ነበር፣ ያለ ወረቀት መሄድ ጣጣ ነው። ልጁ ላብ አጠመቀው።

ማደሪያው ጋ ደወልን። የባለቤቷ ልጅ ቦርሳውን ይዞ ባድ ኢሽል ድረስ በመኪናው መጣ። የነዳጅ ስንሰጠው እምቢ አለ። እናቶቹ የቀራቸውን ቆሎና የተቆላ ቡና ግድ ብለው አሲያዙት።

ድንበሩ ላይ ሰልፉ አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። ፖሊሶቹ አውቶቡስ ውስጥ ገብተው የሁሉንም ወረቀት አዩ፣ ጨዋዎች ነበሩ። ፍራንክፈርት የገባነው እኩለ ሌሊት ሲሆን ነው።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ በ2026 ፍሮንላይሽናም የሚውለው ጁን 4 ነው፣ በእኛ ግንቦት 27፣ መድኃኔዓለም። የሰኔ ጾም ያኔም ገብቷል፣ ስለዚህ ለማደሪያችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ዝናብ ከሆነ ጀልባዎቹ አይወጡም፣ በዓሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ይሆናል። የጨው ተራራው ባቡር በአዲስ እንዲተካ ስለተወሰነ መከፈቱን ጠይቁ። አልጋ ኦበርትራውን ውስጥ ያዙ፣ ከሃልሽታት ይረክሳል፣ ለኗሪዎቹም ጫናው ይቀንሳል። መንደሯ ውስጥ ከ4 ሰዓት በፊት ግቡ፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ቆዩ፣ የቀን አውቶቡሶቹ ያኔ ሄደዋል። ፓስፖርታችሁንም መኖሪያ ፈቃዳችሁንም ሁለቱንም ያዙ፤ አንዱ ብቻ አይበቃም።